ቆሎ ውሃ ሲያይ ያኮርፋል

«ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። ለ11 ዓመቷ ልጄ ለገና ሄጅሆግ የሚባል ጀርባው እሾህ የሆነ ትንሽ እንስሳ ገዛንላት። መልኩ የገብስ ቆሎ ስለሚመስል ቆሎ አልነው። ሌሊቱን ሙሉ መሮጫ ጎማው ላይ ሲሮጥ ያድርና ጠዋት እግሩ በራሱ ኩስ ተለውሶ እናገኘዋለን። ልጄ በጀርባቸው እየተንሳፈፉ የሚዋኙ ሄጅሆጎችን ቪዲዮ አይታ፣ ባለፈው ቅዳሜ የወጥ ቤቱን ሲንክ ሞልታ አስገባችው። ወዲያው እንደ ኳስ ተጠቀለለ። ውሃው ገለበጠው፣ አስነጠሰው፣ ልጄም አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ የቧንቧ ድምፅ በሰማ ቁጥር ‹ፍስስ› ይላል። አብረውን የሚኖሩት እናቴ ደግሞ ‹ጎመን በምናጥብበት ጃርት!› ብለው ሦስት ቀን አኮረፉን። ውሃ እንዲወድ ማድረግ ይቻላል? በሳምንት ስንት ጊዜስ እንጠበው? የቆሎ ቤተሰብ።»

ውድ እህቴ፣

አንቺ እያልኩ ብጽፍልሽ ቅር አይበልሽ። ደብዳቤሽ ቡና ላይ የተቀመጥን ያህል ስላቀረበኝ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ቆሎ አሁንም ያስነጥሳል? ውሃው ውስጥ ሁለት ሦስቴ አስነጥሶ ካቆመ ጥሩ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን አፍንጫው የሚዝረከረክ ከሆነ፣ ሲተነፍስ ሲር ሲር የሚል ድምፅ ካለው ወይም ምግቡን ከተወ፣ ይህን ማንበብ አቁሚና ሐኪም ጋ ደውዪ። ውሃ ወደ ሳንባው ገብቶ ሊሆን ይችላል። ሄጅሆግ ሲጠቀለል አፍንጫው መሀል ላይ ይቀበራል፤ ተጠቅልሎ ውሃ ውስጥ መገልበጥ የሚያስፈራውም ለዚህ ነው። ስትደውዪ «ሄጅሆግ ታያላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ። ውሻና ድመት የሚያክም ሁሉ እነዚህን አያይም።

አሁን ወደ እናትሽ። እናትሽ ልክ ናቸው። ልጅሽም አንቺም ይቅርታ ጠይቋቸው። ጎመን በሚታጠብበት ሲንክ ሄጅሆግ አይታጠብም። የአበሻ እናት ወግ ብቻ እንዳይመስልሽ፤ ሲዲሲ፣ ማለትም የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከልም የሚለው ይህንኑ ነው። ሄጅሆግ ጤነኛና ንጹሕ መስሎ በኩሱ ሳልሞኔላ የሚባለውን ሆድ የሚያሳምም ጀርም ሊያወጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2019 እና በ2020 አሜሪካ ውስጥ ከቤት ሄጅሆጎች ጋር የተያያዙ የሳልሞኔላ ወረርሽኞች ነበሩ። ሕፃናትና ዕድሜያቸው ከ65 በላይ የሆኑ ሰዎች ደግሞ ይበልጥ ይጎዳሉ። ያም ማለት በእናንተ ቤት መጀመሪያ የሚያሰጋው ለእናትሽ ነው።

ስለዚህ ለቆሎ የራሱን ሳፋ ግዙለት። ተራ የፕላስቲክ ሳፋ ይበቃል። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ይሁን፣ ውሃው ሽንት ቤት ይደፋ፣ ከዚያ ሁላችሁም እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ልጅሽ አፍንጫውን እየሳመችው ከሆነም ታቁም። እንደምትስመው እርግጠኛ ነኝ፤ ያንን አፍንጫ አይቶ የማይፈተን የለም።

«ጃርት» ማለታቸው ላይ ግን ከእናትሽ ጋር ትንሽ ልከራከር። የኛ ጃርት ያ ሌሊት ድንች እየቆፈረ ገበሬ የሚያስለቅሰው ነው። ትልቅ ነው፣ እሾሁ ረጅምና ጥቁርና ነጭ ነው፣ ከአይጥ ወገንም ነው። እሾሁ በቀላሉ እየተነቀለ የነካው ሰው ወይም ውሻ ላይ ይቀራል። ሄጅሆግ ዘሩ ሌላ ነው። ክብደቱ ግማሽ ኪሎ ቢደርስ ነው፣ የሚያድነው ነፍሳትን ነው፣ እሾሁም ቢወጋሽ ተነቅሎ እጅሽ ላይ አይቀርም። በአማርኛ የለመድነው ስም ስለሌለው ሰው ሁሉ ጃርት ይለዋል። ለእናትሽ ይህን ንገሪያቸው፤ ቢያንስ ፍርሃታቸው ይቀንሳል።

ሌላም የምትነግሪያቸው አለ። ቆሎ የአገራቸው ልጅ ነው። የእንስሳት ሱቅ «የአፍሪካ ፒግሚ» እያለ የሚሸጠው ሄጅሆግ በዱር የሚኖረው ከሴኔጋል ጀምሮ በሱዳን፣ በኢትዮጵያና በሶማሊያ አድርጎ እስከ ታንዛኒያና ዛምቢያ ድረስ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1991 ከአፍሪካ እንዳይገባ ከለከለች፤ ምክንያቱ የከብት በሽታው አፍተግር ነበር። ስለዚህ ቆሎ እዚሁ አሜሪካ ተወልዶ ያደገ፣ ዘሩ ግን ከወዲያ የመጣ ነው። በእያንዳንዱ ቤታችን እንዲህ ያለ ልጅ አለ። (በነገራችን ላይ ካሊፎርኒያና ኒው ዮርክ ከተማ ያላችሁ አንባቢዎች፣ እዚያ ሄጅሆግ ማሳደግ ክልክል ነው፤ ይህን አንብባችሁ ሱቅ እንዳትሮጡ። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁ ደግሞ ሌሊት ግቢ ውስጥ የምታዩት የበረሃ ሄጅሆግ የዱር እንስሳ ነው፤ ተዉት ይሂድ።)

ይህን የዘር ሐረግ የቆጠርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ዘሩ የደረቅ ሳርና የሞቃት መሬት ፍጥረት ነው። ገላ መታጠብ የሚባል ነገር በኑሮው ውስጥ የለም። ውሃ ውስጥ ቢወድቅ እግሩን እያንቀሳቀሰ ይዋኛል። ግን መቻልና መውደድ ለየቅል ናቸው። እኔም እሳት ቢነሳ ከሁለተኛ ፎቅ መዝለል እችል ይሆናል።

ያ ልጅሽ ያየችው ቪዲዮ ደግሞ ብዙ ሰው አሳስቷል። በጀርባው ተንሳፍፎ ሆዱን ለሰማይ የሰጠ ሄጅሆግ የተዝናና ይመስላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ደክሞት ወይም ፈርቶ መንቀሳቀስ ያቆመ ነው። ሄጅሆግ ደህንነት ሲሰማው እግሩ መሬት ይነካል፣ አፍንጫው እያሸተተ ይሄዳል። ሆዱን፣ ያንን እሾህ የሌለበትን ገላውን፣ ገልጦ አየር ላይ መተኛት ለእርሱ መዝናናት አይደለም። ይህን ለልጅሽ ስትነግሪያት አትቆጫት። ያደረገችው ክፋት የለውም።

ስለዚህ ለጥያቄሽ መልሴ ይህ ነው፦ ቆሎ ውሃ እንዲወድ አትድከሚ። እንዲችለው ይበቃል። እንዲችለው ደግሞ ትንሽ ውሃ፣ አጭር ጊዜና አልፎ አልፎ ነው የሚያስፈልገው።

በሳምንት ስንት ጊዜ ላልሽው፣ በሳምንት አንድም አያስፈልገውም። ሙሉ ገላውን በወር አንዴ ቢታጠብ በቂ ነው፤ ካልቆሸሸ ከዚያም ሊዘገይ ይችላል። የኮሎራዶን አየር አንቺው ታውቂዋለሽ። ክረምት ላይ ማሞቂያው ሲበራ ያንቺ እጅ ይሰነጣጠቅ የለ? የእርሱም ቆዳ እንደዚያው ነው። ባጠባችሁት ቁጥር ይደርቃል፣ ይላጣል፣ ያሳክከዋል።

ታዲያ የጠዋቱ እግርስ? ለእርሱ የእግር መታጠብ ብቻ ይበቃል። ሳፋው ውስጥ ጣት የማይሞላ ለብ ያለ ውሃ፣ ሁለትና ሦስት ደቂቃ ወዲያ ወዲህ ይራመድበት፣ አለቀ። ኩሱ ራሱ ረጥቦ ይለቃል። ጣቶቹ መሀል የቀረውን በረጠበ ለስላሳ ጨርቅ ትጠርጊለታለሽ። ሳሙና አያስፈልግም። እንዲያውም ከእርሱ ይልቅ በየቀኑ መታጠብ ያለበት ጎማው ነው። ሲሮጥ እዚያው ላይ ይወጣዋል፣ ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ እየረገጠው ያድራል። ጎማውን በየጠዋቱ ብትወለውሉት የእግሩ ጣጣ ግማሹ ይቀንሳል። ጎማው የሽቦ ከሆነ ደግሞ ወጥ በሆነ ፕላስቲክ ቀይሩት። ሽቦው እግር ይይዛል፣ ለማጽዳትም ያስቸግራል።

አሁን ወደ ፍርሃቱ። አንዴ ፈርቷልና ከዜሮ በታች ነው የምትጀምሩት። ይህን የምለው እኔም አንዱን አስፈርቼ ስለማውቅ ነው።

ጓደኛዬ ለሠርግ አገር ቤት ሄዳ ሄጅሆጓን ለሦስት ሳምንት አደራ ሰጠችኝ። በአምስተኛው ቀን እግሩ ሲገማብኝ መታጠቢያ ቤት ወሰድኩትና ቧንቧውን ከላዩ ከፈትኩት። ቧንቧ ለእኛ ምንም አይደለም። ለእርሱ ግን ዓይኑ ደካማ፣ ጆሮና አፍንጫው ስል ለሆነ ፍጥረት፣ ከሰማይ የሚወርድ ጩኸት ነው። እጄ ላይ ፈንድቶ ተጠቀለለ። ወጋኝ። ከድንጋጤ ብዛት ለቀቅሁት። ደግነቱ ከታች ፎጣ ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ የኔን እጅ ሽታ ሲያሸት ያኮርፍ ነበር። ጓደኛዬ እስከ ዛሬ አልሰማችም። ይህን ካነበበች ሰማች ማለት ነው።

በቀሩት ቀናት የተማርኩትን ልንገርሽ።

ግንባሩን ማየት ልመዱ። ሄጅሆግ ፊት ላይ ሁሉ ነገር የሚነበበው እዚያ ነው። ሲፈራ ግንባሩ ላይ ያለው እሾህ ወደ ፊት ይወርድና ዓይኑን ይጋርዳል፤ ፀሐይ የመታው ሽማግሌ ባርኔጣውን ወደ ቅንድቡ እንደሚስብ። እሾሁ ይቆማል፣ በየአቅጣጫው ይጠላለፋል፣ ከውስጥ ያ «ፍስስ» የሚለው ድምፅ ይመጣል፤ ሲብስ ቀጭ ቀጭ ይላል። ሲረጋጋ ግን ባርኔጣው ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ይመለሳል። እሾሁ እንደ ተበጠረ ፀጉር ጀርባው ላይ ይተኛል። መጀመሪያ አፍንጫው፣ ከዚያ ጢሙ፣ ከዚያ ጆሮዎቹ ይወጣሉ። ልጅሽ ይህን ማንበብ ከቻለች ከኔ ምክር ሁሉ ይበልጣል። ባርኔጣው ወርዶ ከሆነ አትቀጥሉ። ባርኔጣው ሲመለስ ቀጥሉ።

መጀመሪያ ሳፋውን ደረቁን አቅርቡለት። ከታች ፎጣ አንጥፉበት። ከማታው ሁለት ሰዓት በኋላ፣ እርሱ በሚነቃበት ጊዜ ይሁን። ቀን ከእንቅልፉ ተቀስቅሶ ገላ የሚታጠብ ማን ደስ ይለዋል? ውስጡ ይዞር፣ ያሽትት። ሱቅ የሚሸጠውን የደረቀ ትል አንድ ሁለት ጣል አድርጉለት። ውሃ የለም፣ ቧንቧ የለም። ይህን ጥቂት ምሽት ድገሙት። ልጅሽ ተሰላችታ «መቼ ነው ውሃው?» ስትል ትክክለኛው መንገድ ላይ ናችሁ።

ቀጥሎ ፎጣውን በለብ ባለ ውሃ አርጥቡት። የሚረገጠው ርጥብ ነው፣ ግን የሚንቀሳቀስ ውሃ የለም። እግሩን አንስቶ አራግፎ ይረግጣል፤ ድመት በረዶ ላይ ስትሄድ አይተሽ ታውቂ ይሆናል። እርሱን ሲለምድ ውሃውን አስገቡ፦ ሁለት ሴንቲ ሜትር፣ ቢበዛ ሦስት። ሆዱን ነካ ቢያደርገው ነው እንጂ ከዚያ አይለፍ። ፎጣው ከታች ይቆይ። የሚያንሸራትት ወለል ላይ ጥፍሩ ሲንሸራተት የሚሰማውን ድንጋጤ ካስወገድሽለት፣ ከፍርሃቱ ግማሹን አስወግደሻል ባይ ነኝ።

ውሃው እርሱ ከመምጣቱ በፊት ተቀድቶ ያለቀ ይሁን። ሙቀቱን የሕፃን ገላ ውሃ እንደምትሞክሪው በክንድሽ ሞክሪው። ቴርሞሜትር ካለሽ 95 ፋራናይት አካባቢ፣ ማለትም 35 ሴንቲ ግሬድ ገደማ ነው። ስታስገቢው በሁለት እጅሽ ከሆዱ በታች ይዘሽ፣ በአራት እግሩ እንዲቆም አድርጊ። አትጣይው። አንድ እጅሽ ደረቱ ሥር ይቆይ። የሚደገፍበት ነገር እንዳለ ካወቀ አይጠቀለልም። ብዙም አታውሩ፤ አንድ ሰው ብቻ በለሆሳስ ይናገር። ለሦስት ሰው ጫጫታና ለስልክ ካሜራ ቦታ የለም።

በለብ ውሃ ውስጥ ወዲያው ኩሱን ይጥላል። ይህን እወቂ፣ አትደንግጪም። ተለዋጭ ውሃ በጆግ አዘጋጅተሽ ጠብቂ።

ሙሉ ገላ በሚታጠብበት ቀን ውሃውን በትንሽ ስኒ ከትከሻው ወደ ጀርባው ታንቆረቁሪያለሽ። ራሱ ላይ፣ ጆሮው ላይ፣ ፊቱ ላይ በፍጹም። ፊቱ ከቆሸሸ በጨርቅ ይጠረጋል። እሾሁን በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ከራሱ ወደ ጅራቱ፣ እሾሁ በተኛበት አቅጣጫ ታሻሺዋለሽ። ሳሙናውን ባትጠቀሚ እመርጣለሁ። ካስፈለገ ሽታ የሌለው የአጃ ሻምፑ፣ አንድ ጠብታ በውሃ አቅጥነሽ። እኔ የምወደው ግን ይህን ነው፦ ስኳርም ጨውም የሌለበት ጥሬ አጃ በንጹሕ ካልሲ ከትተሽ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ትጨምቂዋለሽ። ውሃው እንደ ቀጭን አጥሚት ነጣ ይላል። ደረቅ ቆዳን ያለዝባል። እናትሽ ከሩቅ ሆነው ሲያዩት «ምነው አጥሚቱን!» ማለታቸው አይቀርም። በንጹሕ ውሃ ማለቅለቁን እንዳትረሺ።

ሽቶ ያለበት ሳሙና፣ ቲ ትሪ የሚባለው ዘይት፣ የውሻ ቁንጫ ማጥፊያ አይነካው። ሁሉም ለእርሱ አደገኛ ናቸው።

አዲስ ሽታ ሲገጥመው አንድ ጉድ ያሳያችኋል። ያሸተተውን ይልስና ያኝካል፣ አፉ አረፋ ይደፍቃል፣ ከዚያ አንገቱን እንደ ጎማ አጠማዞ አረፋውን ጀርባው ላይ በምላሱ ይለቀልቃል። ያላየ ሰው የእብድ ውሻ በሽታ ያዘው ብሎ ይጮኻል። ምንም አይደለም፤ የሄጅሆግ ዘር ሁሉ የሚያደርገው ነው። የሚያናድደው አጥባችሁት ስትጨርሱ ማድረጉ ነው። ዝም በሉት፣ ለዚህ ተብሎ ዳግመኛ አይታጠብም።

ሁሉም ነገር፣ ከመግባት እስከ መውጣት፣ ከአምስት ደቂቃ አይብለጥ።

አሁን የምፈራው ክፍል ላይ ደረስን፤ ማድረቅ። እህቴ፣ ቆሎን የሚጎዳው ከውሃው ይልቅ ከውሃው በኋላ ያለው ብርድ ነው። የእርሱ ዘር ሰውነቱ ሲቀዘቅዝ ለመተኛት፣ ለወራት የሚያንቀላፉ እንስሳት እንደሚያደርጉት ለማድረግ ይሞክራል። ግን ሰውነቱ ለዚያ አልተሠራም፤ ሊሞትበት ይችላል። ስለዚህ ክፍሉ ከ75 እስከ 80 ፋራናይት የሞቀ ይሁን። ፎጣውን ማድረቂያ ማሽን ውስጥ ቀድመሽ አሙቂው። ጠቅልለሽ ደረትሽ ላይ ያዢው። ሆዱን፣ ብብቱን፣ እግሮቹ መሀል ያለውን ረስተሽ ጀርባውን ብቻ እንዳታደርቂ፤ እርጥበቱ የሚቀረው እዚያ ነው። ፎጣው ሲረጥብ ወደ ሁለተኛ ደረቅ ፎጣ አዛውሪው። የፀጉር ማድረቂያ ይቅር፤ ድምፁ ብቻ ከቧንቧው ይብስበታል። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ወደ ቤቱ አይመለስ። ጥፍሩ መቆረጥ ካለበት ሰዓቱ ይህ ነው፤ ውሃው አለስልሶታል፣ እርሱም ደክሞታል።

ሆዱ ሲነካ ቀዝቃዛ ከሆነ፣ ሲራመድ እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ ወይም ተጠቅልሎ አልነቃ ካለ፣ ልብስሽ ውስጥ ከገላሽ ጋር አስጠግተሽ ቀስ ብለሽ አሙቂውና ሐኪም ጋ ሂዱ። ሙቅ ውሃ ውስጥ እንዳትነክሩት።

መታጠብ የማይፈታውም አለ። እሾሁ በብዛት እየረገፈ፣ ቆዳው እንደ ፎረፎር እየተላጠ፣ ሌት ተቀን እያከከ ከሆነ በዓይን በቀላሉ የማይታዩ የቆዳ ተባዮች ሊሆኑ ይችላሉ። ያ መድኃኒት እንጂ ውሃ አይፈልግም። ቆሎ ገና ትንሽ ከሆነ ደግሞ የልጅነት እሾሁን እየጣለ ሊሆን ይችላል፤ ልክ የልጅ ጥርስ እንደሚወልቀው። ከረገፈው ሥር አዲስ ሲበቅል ካያችሁ አትስጉ። ብቻ በዚያ ጊዜ ቆዳው ስለሚያመው ሲነኩት ቢቆጣ አትፍረዱበት፤ የአጃው ውሃ እንዲያውም ያኔ ነው የሚያስታግሰው።

ለልጅሽ አንድ ሥራ ስጫት። ደብተር ይኑራት፤ ባርኔጣው ስንት ደቂቃ ላይ ወደ ኋላ እንደተመለሰ በየምሽቱ ትጻፍ። መጀመሪያ ቀን ምናልባት ጨርሶ አይመለስም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያለውን ቁጥር ጽፋ ብትልክልኝ ደስ ይለኛል።

ሳፋው ላይ ግን በማይለቅ ቀለም በትልቁ «የቆሎ» ብላችሁ ጻፉበት። እናትሽ አንድ ቀን ሊጥ እንዳያቦኩበት።